ልጅዎ የአእምሮ ሐኪም ልሁን ብትልዎ

ሕክምና ተምራ በጠቅላላ ሐኪምነት ስታገለግል የቆየች ልጅዎ አንድ ቀን «በአእምሮ ሕክምና ልሠለጥን ነው» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል? የብዙዎቻችን መልስ የታወቀ ነው፤ «ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ከእብድ ጋር ልትውይ?» እንላለን። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውም ይከተላል።

ቀድሞ በዚህ ሙያ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሐኪም ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት፤ ሄደው የቀሩም አሉ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሦስት ዓመቱን ሥልጠና ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ማሠልጠኛው ከአንድ በላይ ስለሆነ ልጅዎ የምትመርጠው ሙያውን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ጭምር ነው።

ታዲያ በምን ትምረጥ? በከተማው ስምና በሕንፃው ማማር አይሁን። ሕመምተኛ ስታነጋግር አጠገቧ ተቀምጦ የሚያርማት ከፍተኛ ሐኪም መኖሩን ትጠይቅ። የዚህ ሙያ ዋናው መሣሪያ ንግግርና ማዳመጥ ነው፤ ይህም የሚያርም ሰው በሌለበት አይለመድም። መምህራኑ በስም ተመዝግበው በግል ክሊኒክ የሚውሉ ከሆነ ምን ይጠቅማታል?

ሁለተኛው የሕመምተኛው ዓይነት ነው። አማኑኤልን በመሰለ ሆስፒታል ከባድ ሕመም በብዛት ታያለች። በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ባለ ክፍል ደግሞ ከወሊድ በኋላ የተጨነቀችውን እናት፣ በስኳር ሕመም ተስፋ የቆረጠውን አባወራ ታገኛለች። ሕፃናትንና በጫት፣ በመጠጥ ሱስ የተያዙትንም ማየት አለባት። ሁሉንም የሚያፈራርቅ ሥልጠና ይሻላል ባይ ነኝ። ከጸበል የመጣን ቤተሰብ ሳያስቀይሙ መድኃኒት ማስጀመርም የሚለመደው እዚያው ነው።

እውነቱን የሚነግሯት በሥልጠና ላይ ያሉት ናቸውና ሻይ ጋብዛ ትጠይቃቸው። የሌሊት ተረኝነቱ ምን ያህል ነው? ሕመምተኛ ራሱን ቢያጠፋ ሠልጣኟን ማን ያጽናናታል?

የሚልካት መሥሪያ ቤት ካለም ውሉን ሳታነብ እንዳትፈርም። ከሥልጠናው በኋላ የት፣ ስንት ዓመት እንድታገለግል እንደሚያስገድዳት ባሏም እርስዎም ማወቅ አለባችሁ። ልጅ ካላት ደግሞ ተረኛ በምትሆንባቸው ሌሊቶች ሕፃኑ እርስዎ ዘንድ ያድር እንደሆነ ማመልከቻውን ሳታስገባ ተነጋገሩበት።