የዝዋይ ውሃ ሲከፋፈል ደሴተኛውስ?

ዝዋይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዓሣና የአበባ እርሻ ነው። በሐይቁ ውስጥ ግን ቱሉ ጉዶን ጨምሮ አምስት ደሴቶች አሉ። የዛይ ሕዝብ ዓሣ እያጠመደ፣ ተዳፋቱን በእርከን እያረሰ ለዘመናት የኖረባቸው ናቸው። ቋንቋው ሴማዊ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጤና ሐረሪ ናቸው።

ዛሬ አብዛኛው ዛይ ደሴቶቹን ለቆ በሐይቁ ዳርቻ ይኖራል። እዚያ ገበያውም ትምህርት ቤቱም በሌላ ቋንቋ ነው። በደሴት የቀረውን ደግሞ የሚያኖረው ሐይቁ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ብዙ ፓምፕ አይችልም። መጋቢዎቹ የመቂና የከታር ወንዞችም ሐይቁ ጋ ሳይደርሱ ለመስኖ ይጠለፋሉ።

መስኖው ይቁም፣ እርሻው ይዘጋ አልልም፤ ስንት ሰው እንጀራ ይበላበታል። ነገር ግን ውሃ የመሳብ ፈቃድ ሲሰጥ ደሴተኛው ይጠየቅ። የሚሳበው ውሃ ይለካ፤ ልኬቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ለዛይ ልጆችም ቢያንስ የመጀመሪያ ክፍል መጽሐፍ በቋንቋቸው ይዘጋጅ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 በቋንቋ የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋን የማሳደግ መብት ሲሰጥ «ቁጥራችሁ ከበዛ» አላለም። ሕጉ አለ፤ የጎደለው የሚያስፈጽመው ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?