ያልተሠራው ሞዴል አለው፣ የፈረሰው ግን የለውም

አዲስ አበባ ውስጥ የሪል ስቴት ሽያጭ ቢሮ ለሚገባ ሰው ከቡናው በፊት የሚቀርበው ሞዴል ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ ነጫጭ ፎቆች፣ የስፖንጅ ዛፎች፣ ጥፍር የሚያህሉ መኪናዎች፣ ከሥር የሚበራ መብራት። ሻጯ "የእርስዎ ቤት እዚህ ጋ ነው፣ ሰባተኛ ፎቅ" ብላ በጣቷ ትጠቁማለች። ቤቱ ገና አልተሠራም። አንዳንዴ ቦታው ላይ እስካሁን ሌላ ሰው ይኖርበታል። በሞዴሉ ላይ ግን በረንዳው ሳይቀር አልቋል።

መሠረቱ ላልተቆፈረ ሕንፃ ይህን ያህል በሚጠነቀቅ ከተማ፣ ለፈረሰ ሕንፃ አንድ የካርቶን ሞዴል እንኳን ሲሠራ እምብዛም አይታይም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አንስቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ፎቶ የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን ከፍታ፣ የጣሪያውን ተዳፋት በራሱ አይናገርም። ያን የሚናገረው ሜትር ነው። ሜትር ይዞ የወጣ ሰው ደግሞ ቢኖር ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ በትጋት ከሚሠሩት መካከል ማንም የማይጠብቃቸው ሰዎች አሉ፦ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች። ከሩቅ ሲታዩ በአሻንጉሊት የሚጫወቱ ሸበቶ ጎልማሶች ይመስላሉ። የሚጫወቱም አሉ፣ ነውር የለበትም። ከመካከላቸው ግን አንድ ጣቢያ ወይም አንድ ፉርጎ በአንድ በተወሰነ ዓመት እንዴት እንደነበረ በትክክል ካልሠራ እንቅልፍ የማይወስደው ወገን አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሲያሾፉባቸው "ሪቬት ቆጣሪ" ይሏቸዋል። ስድብ ቢሆንም ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥም ይቆጥራሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የሮይ ኢንግላንድ ታሪክ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ነው። ሮይ አውስትራሊያዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ እንግሊዝ ሄደ። ባቡር ወዳድ ነው፣ በተለይ የግሬት ዌስተርን ኩባንያን ባቡሮች። በቬል ኦፍ ዋይት ሆርስ ሸለቆ ገጠሮች ሲዘዋወር ግን ሌላ ነገር ዓይኑን ያዘው። ለዘመናት የቆዩ የሣር ክዳን ጎጆዎች ይፈርሳሉ፤ ያልፈረሱትም ክዳናቸው እየተነሳ በፋብሪካ ምርት ይተካል። ማስቆም አልቻለም፤ ገንዘቡም ሥልጣኑም አልነበረውም። ስለዚህ ይለካቸው ጀመር። የለካውንም በካርቶን፣ ከእውነተኛው 76 ጊዜ አሳንሶ፣ ግድግዳውን በቀለም እያስመሰለ፣ መስኮት በመስኮት ሠራው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሎንግ ዊተንሃም በምትባል መንደር የፔንደን ሙዚየም ተመሠረተ። ዛሬም በጎ ፈቃደኞች የ1930ዎቹን ሸለቆ እዚያ እየሠሩ ነው። አላለቀም፤ የሚቸኩልም ያለ አይመስልም። በሞዴሉ ላይ ያለችው ፔንደን ፓርቫ የምትባል መንደር በካርታ ላይ የለችም፣ የፈጠራ ናት። ቤቶቿ ግን ከየመንደሩ ተለክተው የመጡ እውነተኛ ቤቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬ በእውኑ ዓለም አይገኙም። ሮይን ወደዚህ ሥራ የሳበው ባቡር በመጨረሻ በቤቶቹ ዳር የሚያልፍ ጎረቤት ሆኖ ቀርቷል።

ትክክለኛ ሞዴል ለመሥራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ "መቼ?" የሚለው ነው። የአውሮፓ ሞዴል ሠሪዎች የባቡርን ታሪክ በስድስት ዘመን ከፋፍለውታል። የሦስተኛው ዘመን ሎኮሞቲቭ በስድስተኛው ዘመን ጣቢያ ላይ ከቆመ ባለቤቱ ይሳቅበታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ትዝታን ግን ክፉኛ ይፈታተናል። "የድሮው ለገሀር" የሚባል ነገር ሊሠራ አይችልምና። የትኛው ድሮ? የጣቢያው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1929 ተመረቀ። ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በቀጣዩ ዓመት፣ በንግሥ በዓሉ ሰሞን ቆመ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ዘርአይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ላይ ሰይፉን የመዘዘው ይህን አንበሳ ሲያይ ነው ተብሎ ይተረካል። ሐውልቱ ወደ ቦታው የተመለሰው ከነፃነት በኋላ፣ ከብዙ ዓመታት ድርድር በኋላ ነው። እንግዲህ የ1932ን ለገሀር የሚሠራ ሰው አንበሳውን ያቆማል፤ የ1938ን የሚሠራ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሞዴሉ ላይ ያች ባዶ ቦታ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ናት፤ የሚያይ ሕፃን ግን "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ወደ ሥራው ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነው። (አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች እላዩ ላይ ሊሄዱ አይችሉም።) ይህች 1 ሜትር ለሞዴል ሠሪ ሀብት ናት። የፉርጎው ንድፍ ቢጠፋ እንኳን፣ ከፊት ለፊት በተነሳ ጥሩ ፎቶ ላይ ሐዲዱ ራሱ ማስመሪያ ይሆናል። 1 ሜትሩ በፎቶው ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ከተለካ፣ የፉርጎው ስፋትና ቁመት በስሌት ይወጣል። በብዛት በሚሠራበት በ1 ለ87 መጠን ሐዲዱ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለ 1 ሜትር ሐዲድ ባቡሮች ስላሉ ለእነሱ ሞዴል የሚሠራው ለኢትዮጵያውም ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፣ ይታለፋል።

ቆርቆሮ ግን አይታለፍም። የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 87 ጊዜ ሲያንስ 1 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ሰነፍ ሠሪ ሞገዱ የገዘፈ ፕላስቲክ ይለጥፍና ጣቢያው ወዲያው የዶሮ ቤት ይመስላል። ቀለምም እንደዚሁ ተንኮለኛ ነው። ከጥንቱ ጥቁርና ነጭ ፊልም አንዱ ዓይነት ቀይ ብርሃንን አያይም፤ ቀይ የተቀባውን ፉርጎ ጥቁር አስመስሎ ያወጣዋል። ፎቶውን ብቻ ያመነ ሰው ጥቁር ቀብቶ ይሳሳታል። ያለው አማራጭ ከዛገው ብረት ላይ ቀለሙን ንብርብር በንብርብር መፋቅ፣ ወይም ቀለሙን የቀባውን ሰው ፈልጎ መጠየቅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እነዚሁ ጥንቁቅ ሰዎች ዓመታት የኖሩበት ትልቅ ስህተትም አላቸው። የእንግሊዝ ባቡሮች ከአህጉሩ ባቡሮች ጠበብ ያሉ ስለነበሩ የዚያን ዘመን ሞተር በ1 ለ87 አካላቸው ውስጥ አልገባ አለ። ፋብሪካዎቹ አካሉን ወደ 1 ለ76 አሳደጉና ሐዲዱን በነበረበት 16.5 ሚሊ ሜትር ተዉት። ሒሳቡ ሲሠራ የእንግሊዝ ሞዴል ባቡር የሚሄደው ከእውነተኛው በ18 ሳንቲ ሜትር ገደማ በጠበበ ሐዲድ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ጥቂቶች ተነስተው 18.83 ሚሊ ሜትር ብለው አረሙት፤ ብዙኃኑ ግን ከነስህተቱ ቀጥሏል። ይህ አያስወቅስም። ስህተቱ በቁጥር ይታወቃል፣ ማንም አይደብቀውም። ሙዚየም ውስጥ "ጥንታዊ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ተለጥፎበት ዓመቱ ያልተነገረ ዕቃ ከዚህ የባሰ ይዋሻል።

በእርግጥ ሪቬት ቆጥሮ ዋናውን ነገር መዝለልም አለ። ጂ 10 የሚባለው የጀርመን ዕቃ መጫኛ ፉርጎ በሞዴል መደብሮች በሰፊው ይሸጣል፤ ፍሬኑ፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣ ጣውላው ሁሉ ልክ ነው። በናዚ ዘመን ሰዎች ወደ ሞት ካምፖች ከተጋዙባቸው ፉርጎዎች አንዱ ዓይነት ይኸው ነበር። በ1942 የቆመ ጣቢያ ሠርቶ ፉርጎው ምን ይጭን እንደነበር የማይናገር ሰው ጣውላውን ቢያሳምርም ዓመቱን አልሠራውም። ለኢትዮጵያውም መስመር ጥያቄው አይቀርም። 1ኛ ማዕረግ ማን ተሳፈረ? 3ኛውስ? በ1938 ሐዲዱ ላይ የሚያልፈው የማን ወታደር ነበር?

"ሰው ቤቱ ፈርሶበት መጠለያ ሲፈልግ፣ የካርቶን ቤት መሥራት ቅንጦት አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሌላ ቤት ነው፤ ያን ሞዴል አይተካውም። ነገር ግን መለካት የሀብታም አገር ሥራ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ታሪካዊ ሕንፃዎቿን በሜትር ለክቶ በንድፍ የመመዝገብ ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1933፣ ኢኮኖሚዋ በወደቀበት ሰዓት ነው፤ የላኳቸውም ሥራ ያጡ አርክቴክቶችና ንድፍ ሠሪዎች ናቸው። በ1969 ድልድዮችን፣ ፋብሪካዎችንና የባቡር ሥራዎችን የሚመዘግብ እህት ፕሮግራም ተጨመረ። ንድፎቹ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው፤ ሞዴል ሠሪው ከዚያ ወስዶ ይሠራል። የፈረሰ ሕንፃ መልሶ ለመገንባት የሚፈልግ መንግሥትም ቢሆን የሚያስፈልገው ያው ወረቀት ነው።

በአሮጌው መስመር ላይ የሚለካ ነገር ገና አለ። በለገሀር ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ግዙፍ ግንባታ አሮጌውን ጣቢያ እንደሚጠብቅ ተነግሯል። ጣቢያ ግን ፊቱ ብቻ አይደለም፤ መጋዘኑ፣ የውሃ ታንከሩ፣ የሠራተኞቹ ቤት፣ የሐዲዱ መጋጠሚያ ሁሉ አብሮ ነው ጣቢያ የሚሆነው። አዋሽ ላይ ተሳፋሪ ያርፍበት የነበረ ቡፌ አለ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሲደርስ የተወለደችው ድሬዳዋ ደግሞ ወርክሾፑን ከነአሮጌ ሎኮሞቲቮቹና ፉርጎዎቹ ይዛለች። የአርክቴክቸር ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ሞዴል ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ላልተሠራ ሕንፃ። ከእነዚያ አንዱን ሴሚስተር ለቆመው ማዋል የሚጠይቀው የአውቶቡስ ቲኬት፣ ባለ 30 ሜትር ሜትርና ካርቶን ነው።

በመጀመሪያ ግን ቀለሙ። ብረቱ ለጊዜው ይቆያል፤ ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ፉርጎዎቹን በእጃቸው የቀቡት፣ ስንት ጊዜ እንደተቀየረና በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያስታውሱት የምድር ባቡር ጡረተኞች ግን በዕድሜ የገፉ ናቸው። ድሬዳዋ ሄዶ ከእነሱ ጋር ከሰዓት በኋላ ጫት ቤት ወይም ሻይ ቤት የሚቀመጥ፣ የቀለም ናሙና ካርድ ዘርግቶ "ይሄ ነው ወይስ ይሄ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በዚህ ዓመት።