ሴት ልጅና ቅኔ

በቆቦ በምሠራበት ባንክ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብር ሊያስገቡ ከሚሰለፉት የሚበዙት እናቶች ናቸው። የአንዷን ልጅ የኔታ «ሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል?» ብለው መልሰዋታል። እኔ ወንዱ ጉባኤ ቃና እንኳ ሳልዘርፍ ሸሽቼ ስወጣ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

ምን ያደርግላታል? አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጁ፣ የንጉሡን ባለሟል ባሏን ጥላ የወጣችው ወለተ ጴጥሮስ ሴት ነበረች፤ ንጉሡ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱን እስኪመልሱ ድረስ በስደትም በግዞትም አልተንበረከከችም። ያ ሩቅ ነው ከተባለ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ቅኔ አስተምረዋል።

ቀኖና ነው እንዳትሉኝ፤ ክህነት ሌላ፣ ቅኔ ሌላ። ልጅቷ ቅስና አልጠየቀችም፤ ከወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ ቅኔ ልትቆጥር እንጂ።