ስም የሌለው ዜና

«ጋዜጣ ድሮ ቀረ፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ነው» ሲባል እንሰማለን። አልቀበለውም። ዜጋ መመስከር አይችልም ብዬ አይደለም። በ1965 የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ የመንግሥት ጋዜጦች ዝም ብለው ነበር። ወሎ ድረስ ወርደው ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ ያሳዩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ጋዜጠኞች አልነበሩም፤ ግን ሄደው አዩ፣ ያዩትንም አሳዩ።

ዛሬ «የዜጋ ጋዜጠኝነት» የምንለው አብዛኛው ምስክርነት አይደለም። ከቤቱ ያልወጣ ሰው የሌላውን የፌስቡክ ጽሑፍ «ሰበር ዜና» ብሎ ያነባል። ቪዲዮው 8 ደቂቃ ከሞላ ዩቲዩብ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ በሰላምታ፣ በ«ሰብስክራይብ አድርጉ» እና በድግግሞሽ ይለጠጣል። ርእሱ ላይ ሞተ የተባለው ሰው ቪዲዮው ሲከፈት በሕይወት አለ። በማግስቱ እርማት የለም፤ ያኛው ይጠፋና ሌላ ይጫናል።

ጋዜጣ ላይ የአሳታሚው፣ የዋና አዘጋጁና የማተሚያ ቤቱ ስም ከነአድራሻው ይታተማል። የተበደለ ሰው ማንን እንደሚከስ ያውቃል። ከ1985 ወዲህ የወጡት የግል ጋዜጦች ንጹሕ ነበሩ አልልም፤ አሉባልታ ያተሙ ብዙ ናቸው። አዘጋጆቻቸው ግን ለጻፉት ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ ሳያጠፉ የታሰሩም አሉ።

«አንባቢ ስለጠፋ ጋዜጣ ሞተ» የሚሉትም ገዳዩን እየሸፈኑ ነው። አራት ኪሎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራየ ያነብ የነበረው ሕዝብ መቼ ጠፋ? አዲስ ነገር ጋዜጣ በ2002 የቆመው አዘጋጆቹ በፀረ ሽብር ሕጉ ልንከሰስ ነው ብለው ሰግተው ስለተሰደዱ ነው። በ2004 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ አላትምም ለማለት የሚያስችለውን ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። የኅትመት ዋጋም የተረፉትን አዳከመ።

ተጠያቂ የሌለው ወሬ ግን ሕይወት ያስከፍላል። በጥቅምት 2014 አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፎቷቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ፍትሕ ፍለጋ ኬንያ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሰሰ። ጋዜጣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋና አዘጋጁ ነበር።

«በስም መጻፍ ለእስር ይዳርጋል» የሚለውን መከራከሪያ አቅልዬ አላየውም። የዞን 9 ጦማርያን በገዛ ስማቸው ጽፈው በ2006 ታስረዋል። በስጋት ውስጥ ሆኖ የሚመሰክር ሰው ማንነቱ ሊሸሸግለት ይገባል። ነገር ግን ዋሽንግተን ወይም ለንደን ተቀምጦ፣ የሚያስረው ሳይኖር፣ የሰውን ሞት እያወራ ገንዘብ የሚሰበስበው ስሙን የሚደብቀው ማንን ፈርቶ ነው?