«መሥዋዕት» አትበሏት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። አንዳንዱን ስም ግን መልአክ ሳይሆን ይሉኝታ ያወጣዋል። ኩላሊቷን ለወንድሟ ለሰጠች እህት ያወጣንላት ስም ከዚህኛው ወገን ነው፤ «መሥዋዕት ሆነችለት» እንላለን። ጋዜጠኛው ይለዋል፤ ገጣሚው ይለዋል፤ ለኩላሊት ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ በተጠራ ጉባኤ ላይ የመድረክ መሪው ይለዋል፤ አዳራሹም እንባውን እየጠረገ ያጨበጭባል። እኔ ግን ይህ ቃል ከዚህ ቦታ ይነሣ እላለሁ። ውብ መስሎ የገባ፣ ነገር ግን ሰጪን የሚያስገድድ፣ ሕመምተኛን የሚያሸማቅቅ፣ እኛን ተመልካቾቹን ደግሞ ያለ ሥራ የሚያጸድቅ ቃል ነውና።

ቃል ወዳዶች ነንና ከቃሉ እንጀምር። መሥዋዕት በመሠዊያ ላይ የሚቀርብ ነው። ቢላዋ አለበት፤ ደም አለበት፤ የቀረበው ነገር ወደ መጣበት አይመለስም። አብርሃም ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራው በወጣ ጊዜ በዕፀ ሳቤቅ ተይዞ የተገኘውን በግ አስታውሱ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ይናገራል፤ ፈጣሪ ያዝዛል፣ መልአኩ ይጣራል፣ ልጁ ይጠይቃል፣ አባቱ ይመልሳል። በጉን ግን ማንም አልጠየቀውም። የመሥዋዕት ጠባዩ ይኸው ነው፤ አይጠየቅም። ኩላሊት መስጠት ግን ጥያቄ ካልቀደመው፣ «እምቢ» ማለት ካልተቻለበት፣ ሕክምና መባሉ ይቀራል።

ይህን ሐኪሞቹ ከጅምሩ ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል፣ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው ከሮናልድ ሄሪክ የተወሰደውን ኩላሊት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉለት። ከሕያው ሰው ተወስዶ የተሳካ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ ይህ ነው። ያስጨነቃቸው የእጅ ጥበቡ ብቻ አልነበረም። ሐኪም ላለመጉዳት የማለ ሰው ነው፤ ታዲያ ለራሱ አካል ምንም በማይጠቅመው ጉዳይ በጤነኛ ሰው ላይ ቢላዋ ማሳረፍ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ይዘው የሃይማኖት አባቶችንና የሕግ ሰዎችን አማከሩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረችው ሌሊትም ሕመምተኛው ለወንድሙ ብጣሽ ወረቀት ላከለት፤ ከዚህ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚነግር። ሮናልድ የመለሰለት፣ እዚያው እንዳለና እዚያው እንደሚቆይ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ያችን ብጣሽ ወረቀት ልብ በላት። የዚያ ስጦታ ክብር ያለው ኩላሊቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሩ ክፍት መሆኑ ላይ ነው። ሊሞት የተቃረበው ሰው ለወንድሙ መውጫ በር ከፈተለት፤ ወንድሙም በሩን አይቶ ቀረ። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ትዳር ይዞ ልጆች አፈራ። ሮናልድ ደግሞ በአንድ ኩላሊት ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በ79 ዓመቱ አረፈ። መሥዋዕት ሃምሳ ስድስት ዓመት አይኖርም።

ይህን የምለው ነገሩን ለማቃለል አይደለም። አንድ ኩላሊት ሲወጣ የቀረው ይፈረጥማል፤ ከጊዜ በኋላም ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ሳቢያ በሦስት ወር ውስጥ የሞቱት ከ10,000 ሰጪዎች ሦስት ያህል ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ይበልጥ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ፣ ሰጪው በዕድሜ ዘመኑ ራሱ ለኩላሊት ድካም የመዳረግ ዕድሉ ከ10,000 ሰዎች 90 ያህል፣ ባልሰጡ እኩል ጤነኞች ዘንድ ግን 14 ያህል እንደሆነ ገምቷል። በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናትም፣ ከሰጡ በኋላ ካረገዙ ሴቶች 11 በመቶው የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም እንደገጠማቸው፣ ካልሰጡት ግን 5 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። አደጋው ትንሽ ነው፤ የለም ግን አይባልም። ይህን ቁጥር ሰምቶ «እሰጣለሁ» ያለ ሰው ሰጥቷል። የተነገረው ስለ ሰማዕትነት ብቻ የሆነ ሰው ግን ምን እንደሰጠ አያውቅም።

ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የንቅለ ተከላ ማዕከሉ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመጡ ሐኪሞች አጋርነት ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት መንገዱ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ነበር፤ ለዚያውም መንገዱ ለተገኘለት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማዕከሉ የተነሣው በሕይወት ካለ ዘመድ በሚወሰድ ኩላሊት ነው፤ ይህም ተገቢ ጥንቃቄ ነበር፤ ነጋዴን ያርቃልና። ነገር ግን ዘመድን ከገበያ የሚጠብቀው ሕግ ዘመድን ከዘመድ አይጠብቀውም። የእኛ ቤት ገበያ ገንዘብ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የቤተሰብ ጉባኤ ይቀመጣል። ትልቁ ልጅ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው ይባላል፤ ሁለተኛው ሥራው ከባድ ነው ይባላል፤ ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ አንዲት ያላገባች እህት ይዞራል። ማንም «ስጪ» አይላትም። ዝም ብለው ያዩዋታል። እናት ታለቅሳለች። ልጅቱም «እሰጣለሁ» ትላለች፤ ምን ሌላ ትበል? በዓለም ዙሪያ በሕይወት ሳሉ ኩላሊት ከሚሰጡት የሚበዙት ሴቶች፣ ከሚቀበሉት የሚበዙት ደግሞ ወንዶች መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

በዚህ ሰዓት ነው «መሥዋዕት» የሚለው ቃል ሥራውን የሚሠራው። እሺ ካለች ሰማዕት፤ እምቢ ካለች ምን ልትባል ነው? ቃሉ ሁለተኛ ስም አላስቀረላትም፤ ወንድሟን የገደለች ከመባል በቀር። ስለዚህ ነው በብዙ አገሮች ጥሩ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ሰጪውን ከቤተሰቡ ለይተው ብቻውን የሚያነጋግሩት፤ የሚያነጋግረውም ሰው ከሕመምተኛው ሐኪም የተለየ እንዲሆን የሚያደርጉት። በዚያ ክፍል ውስጥ «አልፈልግም» ካለ፣ ለቤተሰቡ የሚነገረው ለመስጠት ብቁ ሆኖ አለመገኘቱ ብቻ ነው። ምክንያቱ በዚያው ክፍል ይቀበራል። የሪቻርድ ብጣሽ ወረቀት ሥርዓት ሆና የተሠራችው እንዲህ ነው።

«ታዲያ ምስጋናዋን ልትነጥቃት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። የምነጥቃት ጭብጨባውን ነው፤ ጭብጨባ ሰጥተን ስናበቃ ሌላውን ሁሉ ነፍገናታልና። ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ የደም ግፊቷንና ሽንቷን ማን ይመረምርላታል? በከፍሏት ወይስ በነጻ? አልጋ ላይ ለዋለችባቸው ሳምንታት የቀረባትን ደመወዝ ማን ይተካላታል? «ለመሥዋዕት ደመወዝ አይከፈልም» የሚል መልስ ቃሉ ራሱ አዘጋጅቶ ቆይቷል። ኩላሊት ይሸጥ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሻጭ ማን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ባለጸጋ ኩላሊቱን አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢስታንቡል መግለጫ የአካል ንግድን በጽኑ ያወገዘ ነው፤ ሆኖም ሰጪው ያወጣውን እውነተኛ ወጪ መተካት ሽያጭ እንዳልሆነ ለይቶ አስቀምጧል። እስራኤል በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ ለሰጪው የ40 ቀን ደመወዝ እንዲተካለት አድርጋለች። ሰጪ ከስጦታው አይትረፍ፤ ነገር ግን አይክሰር።

ቃሉ የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። ያች ልጅ ወደ ቢላዋው እስክትደርስ ድረስ ወንድሟ ምን ሲሆን ነበር? የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊትን የሚበሉት ድምፅ ሳያሰሙ ነው። ሰውየው እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ሆስፒታል ሲደርስ ብዙውን ጊዜ አልቆ ተገኝቷል። ግፊትን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የሽንት ምርመራም ውድ ነገር አይደለም። ካለቀ በኋላ ግን እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያጠረው ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ያወርደዋል፤ የተቀነሰውን ቀን የሚከፍለው በሕይወቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የእጥበት መኪናው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ በሆነ ጊዜ፣ ማን እንደሚታጠብ የሚወስን የዜጎች ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሔት ሲወጣ አገር ተቆጣ፤ በ1972 መንግሥት ወጪውን የሚሸፍንበት ሕግ ወጣ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም፤ በምትኩ ኪስ ይመርጣል። ኪስን የሚከስሰው ስለሌለ ግን አንቆጣም፤ አዳራሽ ተሰብስበን «መሥዋዕት» እያልን እናለቅሳለን እንጂ። ቀድሞ መዳን የነበረበትን ኩላሊት ዕዳ በአንዲት ልጅ ጎን ላይ ጽፈን፣ ዕዳውን በግጥም እናወራርዳለን።

ስለዚህ ለምትጽፉት ወገኖቼ ልመናዬ አንድ ነው። ስጦታ በሉት፤ ልግስና በሉት፤ ቋንቋችን በዚህ አይደኸይም። ስጦታ ሰጪ አለው፤ ሰጪም ሊሰጥም ሊተውም ይችላል። ሐዘናችንን ለአንጀት፣ ናፍቆታችንን ለሆድ፣ ሐሳባችንን ለልብ ያካፈለ ቋንቋ ለኩላሊት ብዙ አላስቀረለትም። መጻሕፍት ግን ከልብ ጋር አጣምረው የስውር ሐሳብ ማደሪያ አድርገውታል፤ የሚመረምረውም ፈጣሪ ነው ይላሉ። ይሁን፤ መመርመሩ የእርሱ ይሁን። ልጅቱን ብቻዋን አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ «አንቺ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሰው ሥራ ነው።