እሳት አፈርን ወርቅ አያደርግም

በሰባኪዎች አፍም ሆነ በእኛ በተማሪዎች ክርክር ዘወትር የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «መከራ ሃይማኖትን ያጠነክራል» የሚለው ነው። ቃሉ ያረጀና ብዙ ምስክር ያለው ስለሆነ ደፍሮ የሚጠይቀው የለም። እኛ ግን የምንማረው በአሶሳ ነው። በዚህ አገር ይህ ቃል በመጽሐፍ ከመነበቡ በላይ በሰው ሕይወት ላይ ተፈትኗልና፣ ሳንመረምረው ልንቀበለው አይገባንም ብለን ይህችን አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

ከአሶሳ በስተምዕራብ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ቻሊ የምትባል መንደር አለች። የኡዱክ ሕዝብ አገር ናት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወደዚያ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። በ1956 ዓ.ም. የካርቱም መንግሥት የውጭ ሚሲዮናውያንን አስወጣ። ያን ጊዜ ያመነው ሰው ጥቂት ነበርና ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመምህሮቿ ጋር አብራ ትሄዳለች ብሎ ያሰበ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። የአገሩ ልጆች ራሳቸው ሰባኪ፣ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ያዙት። በዚያ ሕዝብ መካከል በፈረንጆች 1960ዎቹ ኖረው የነበሩት የኦክስፎርዷ የሥነ ሰብእ ምሁር ዌንዲ ጄምስ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትተዋት ከሄዱት እጅግ ሰፍታ አገኟት።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1979 ዓ.ም. የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ደረሰባቸውና መንደሮቻቸው ተቃጠሉ። ሕዝቡ ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አሶሳ መጣ፤ ጾሬ ላይም ሰፈረ። በዚያን ጊዜ አሶሳ ራሷ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች የነበሩባት አገር ናት። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ አሶሳ ድረስ ሲመጣ ስደተኞቹ እንደገና ተበተኑና በእግራቸው ወደ ደቡብ ተጉዘው ጋምቤላ፣ ኢታንግ ገቡ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከዚያም ተነሥተው ወደ ሱዳን፣ ወደ ናስር ሄዱ። በሚከተለው ዓመት ተመልሰው ጋምቤላ መጡ፤ በ1985 ዓ.ም. ቦንጋ በሚባለው ሰፈር ተቀመጡ። (ይህ ቦንጋ በጋምቤላ ያለው ነው እንጂ የከፋው ቦንጋ አይደለም።) በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ጓዛቸውን ጠቅልለው እንደተነሡ አንባቢ ራሱ ይቁጠር።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ሃይማኖታቸው ምን ሆነ? አደገ። በቦንጋ ቤተ ክርስቲያን የሕዝቡ መሰብሰቢያ ሆነች። በገዛ ቋንቋቸው አዲስ መዝሙር ደረሱ። ቀድሞ በአገራቸው ሳሉ ለስብከቱ ጆሮ ያልሰጡ ብዙዎች በስደት አገር ገቡባት።

የወላይታም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን 48 እንደነበሩ ይነገራል። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ከነጻነት በኋላ ሲቆጠሩ ግን ወደ 10,000 ደርሰው ተገኙ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ብቻ የሰማ ሰው «ቃሉ እውነት ነው» ብሎ ያበቃል። ሆኖም ሦስተኛ ታሪክ አለ፤ እርሱም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዓባይ ከክልላችን ወጥቶ ካርቱም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሶባ የምትባል ከተማ ነበረች። የኑብያ ክርስቲያናዊ መንግሥት የአልዋ መናገሻ ናት። ኑብያ ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለብዙ ዘመን የክርስቲያን አገር ነበረች። በእርሷም ላይ ጦርነት መጣ፤ መከራም በዛ። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ የኑብያ ሰዎች ወደ ንጉሡ መጥተው ካህናትና መነኮሳት እንዲሰጧቸው ለመኑ፤ ጳጳሳቸው ሞቶ፣ በጦርነቱም ምክንያት ሌላ ማግኘት አልቻሉም ነበርና። ንጉሡም እኔ ራሴ ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፣ ለሌላ ከየት አምጥቼ እሰጣለሁ ብለው መለሷቸው። መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ዛሬ በሶባ የቀረው ፍርስራሽ ብቻ ነው።

እንግዲህ መከራው በሦስቱም ላይ መጥቷል፤ ፍጻሜው ግን አንድ አልሆነም። ለእያንዳንዱ ሌላም ምክንያት መኖሩን አንክድም። ነገር ግን አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየናል። በቻሊና በወላይታ ከሩቅ የመጣው መምህር ሲሄድ ቤቱን የሚይዝ የገዛ ልጅ ነበር፤ በኑብያ ግን ከሩቅ የሚመጣው ጳጳስ ሲቋረጥ ካህን የሚሾም ጠፋ፤ እጃቸውን የዘረጉለት ጎረቤትም ሊረዳቸው አልቻለም።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል። በክልላችን ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡትን ሰዎች ያየን እኛ ምሳሌውን በደንብ እናውቀዋለን። አጣቢው አሸዋውን ቀኑን ሙሉ ሲያጥብ ውሎ የሚያገኘው ጥቂት ፍሬ ነው፤ እሳቱ ያችኑ ያጠራለታል። ወርቅ የሌለበትን አፈር ዓመት ሙሉ ቢያነዱበት አፈር ነው። መከራም እንዲሁ ነው። በሰው ውስጥ አስቀድሞ ያለውን ፍቅር፣ መደጋገፍና ተስፋ ይገልጠዋል እንጂ ከባዶ አይፈጥረውም።

ይህን የምንለው ለክርክር ያህል አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ብዙ ሺህ የመተከል ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ቻግኒ ተሰደደ። ልጇን ለቀበረች እናት «አይዞሽ፣ መከራ ያጠነክርሻል» የሚል ሰው ምን ተናገረ? እርሷ ራሷ ከብዙ ኀዘን በኋላ «እግዚአብሔር በዚያ ሁሉ አልተለየኝም» ብትል ምስክርነት ነው፤ ጎንበስ ብለን እንሰማታለን። እኛ ጥግ ይዘን ስንናገርላት ግን ከኃላፊነት ማምለጫ ይሆናል። ገዳዩም የሃይማኖት አጠንካሪ መስሎ በነጻ ይሄዳል። መከራን የሚያመሰግን ስብከት ፍርድን ያስረሳል።

ነገሩ ዛሬም አላበቃም። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በብሉ ናይል ጦርነት እንደገና ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መላው ሱዳን በእሳት ተያያዘ። ባምባሲና ሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር ሆነዋል። እኛ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ባምባሲን አልፈን ነው አሶሳ የምንገባው። ስንቶቻችን ወርደን ጠይቀናል? በየጉባኤያችን ስለ ስደተኛው እምነት ጽናት እንዘምራለን፤ የስደተኛው ልጅ ግን ደብተር አለው ወይ ብለን አንጠይቅም። ሩቅ ሆኖ ጽናትን ማድነቅ ከንፈር ከመምጠጥ አይለይም።

ስለዚህ ለወንድሞችና ለእኅቶች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በዕረፍት ጊዜያችን ልጆቻቸውን እናስተምር። ያገለገሉ መጻሕፍት እንሰብስብ። በእሑድ ቀን በእነርሱ መካከል ተቀምጠን፣ ቋንቋውን ባናውቀውም፣ መዝሙራቸውን እንስማ። ሙስሊም ጓደኞቻችንም በዚህ ሥራ ከእኛ ጋር ቢሆኑ ደስ ይለናል፤ ረሃብ ሃይማኖት አይጠይቅም፣ ይህ አገርም እንግዳን በመቀበል ለሁላችንም መምህር ነውና።

ልብነ ድንግል ለኑብያ መልእክተኞች «ከየት አምጥቼ» ሲሉ እውነታቸውን ነበር፤ የሚሰጡት ጳጳስ አልነበራቸውም። እኛ የምንጠየቀው ጳጳስ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና አንድ ደብተር ነው። ይህን «ከየት አምጥተን» ማለት አንችልም።