የከብት ሥዕል ዳኛው ከብት አርቢው ነው

«ሥዕል የተማረ ሰው ነገር ነው፤ እኛ ገበሬዎች ምን እናውቅና!» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። ለምን ቢባል፣ እነሆ ምክንያቱ።

በዲላ ከተማ አካባቢ ሸጴ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ በቋጥኙ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ያህል ከብቶች ተቀርጸው ይገኛሉ። ፍራንሲስ አንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ እነዚህ ከብቶች ጽፎ አሳትሟል።

እስቲ በገበሬ ዓይን እንያቸው። ከብቶቹ ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ውኃ ሊጠጣ የሚወርድ መንጋ ይመስላሉ። ቀራጩ መስመር ብቻ ጭሮ አልተወም። በከብቱ ዙሪያ ያለውን ድንጋይ ፈልፍሎ ስላነሣ ገላው ከቋጥኙ ወጣ ብሎ ይታያል። ገላውን ከጎን፣ ቀንዱን ግን ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ቀርጾታል። በዚህ ብልኃት ሁለቱም ቀንዶች ሳይሸፋፈኑ ይታያሉ። የላሞቹንም ግት አጉልቶ አሳይቷል። የግትን ነገር ከሚያልብ ሰው የበለጠ ማን ያውቃል? ደግሞም ሻኛ የላቸውም። የእኛ የወላይታ ከብት ባለሻኛ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ከከተሜው ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

የወላይታ ገበሬ ከብቱን ከቤቱ ያሳድራል፤ በፍጉም የእንሰት ጓሮውን ያዳብራል። ላሚቱ ስትከሳና ስትታመም ገና ከሩቅ ይለያል። የሥዕል ዳኝነት የሚጀምረው ከዚሁ ዓይን ነው። «አቋቋሟ እውነት ይመስላል ወይ? ሠሪው ምኑን አጎላ? ምኑን ተወ?» ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዳኝነቱ ጋር ግን ጥበቃም አለ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በወላይትኛ ጭምር፣ ብዙ ሰው ስሙን መጻፍ ተማረ። ስምን መጻፍ መልካም ነው፤ ቦታው ግን ደብተር ነው። በጥንት ቅርጽ ላይ በሚስማር ስም መጫር፣ ድንጋዩንም ለቤት መሠረት ብሎ መፍለጥ ጥፋት ነው። ላም ብትሞት ጥጃዋ ትተካታለች፤ የተፋቀ ቅርጽ ግን ምትክ የለውም።

ስለዚህ ወደ ዲላ የምትሄዱ ሁሉ ጎራ ብላችሁ እዩ፤ በእጃችሁ ሳትነኩ በዓይናችሁ ፍረዱ፤ ስትመለሱም ያያችሁትን ለልጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ።